ጉማራ ሲደፈርስ፣ ጉማራ ሲጠራ፦ ነጭ ዓሣና የማጥመጃው ወቅት በፎገራ

በቀዝቃዛ አገሮች የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች በየዓመቱ በናፍቆት የሚጠብቁት አንድ ወቅት አለ። በረዶው ቀልጦ ወንዙ መጥራት ሲጀምር፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት ገደማ፣ ትራውት የተባለውን የወንዝ ዓሣ ማጥመድ የሚፈቀድበት ጊዜ ነው። ለምሳሌ በብሪታንያ ብዙዎቹ ወንዞች ከመኸር ጀምሮ እስከዚያ ወቅት ድረስ ለትራውት አጥማጅ ዝግ ናቸው። ምክንያቱም ቡናማው ትራውት በመኸሩ ማብቂያ ወደ ወንዙ ራስጌ ወጥቶ እንቁላሉን በጠጠር ውስጥ ስለሚቀብር ነው። የውኃው ሙቀት 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ከሆነ እንቁላሉ እስኪፈለፈል 80 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ወንዙ የመንጠቆ ቦታ ሳይሆን የመዋለጃ ስፍራ ነው። እንግዲህ አጥማጁ የሚጠብቀው የመክፈቻ ቀን በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ ከዓሣው የሕይወት ዑደት ላይ የተቀዳ ነው።

በአገራችን ትራውት የሚገኘው ከኬንያ ተወስዶ በባሌ ተራሮች፣ እንደ ዌብ ባሉ ወንዞች ውስጥ ስለተለቀቀ ነው፤ በጣና ዙሪያ የለም። ይሁን እንጂ በወረታ ከተማ ግራና ቀኝ የሚወርዱት ጉማራና ርብ የራሳቸው ተጓዥ ዓሣ አላቸው። እርሱም እንደ ትራውት ጠጠርና ንጹሕ ውኃ ፈልጎ ሽቅብ ይወጣል። ታዲያ የፎገራ ዓሣ አጥማጅ የቀን መቁጠሪያ ቢዘጋጅለት መቼ ተዘግቶ መቼ ይከፈት ነበር? ይህ ጽሑፍ መልሱን ከሥነ ሕይወትና ከጥቂት የፊዚክስ እውነታዎች ለማግኘት ይሞክራል።

የጣና ነጭ ዓሣ

በጣና ዳር ገበያዎች ሦስት ዓይነት ዓሣ ይሸጣል፤ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ቀረሶና አምባዛ በሌሎች የአፍሪካ ውኃዎችም የሚገኙ ናቸው። ነጭ ዓሣ የሚባለው ግን አንድ ዓሣ አይደለም። ሳይንቲስቶች ላቢዮባርበስ በሚል የወገን ስም የሚጠሯቸውና ቁጥራቸው 15 ያህል የሆነ፣ ከጣናና ከገባሮቹ በቀር በየትም የማይገኙ ዝርያዎች በአንድነት የተጠሩበት ስም ነው። በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል አንዳንዶቹን ለሳይንስ ዓለም አስተዋውቆ ነበር። ስብስቡን በሚገባ ለይተው የገለጹት ግን በ1990ዎቹ በሐይቁ ላይ የሠሩት የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሊዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ናቸው።

እነዚህ ዓሦች ከዓባይ ታችኛው ክፍል ዘመዶቻቸው የተለዩት 40 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው። ከታች ወደ ላይ የሚዘልለው ዓሣ የለም። የሐይቁን ወለል ደለል ቆፍረው ያጠኑ ባለሙያዎች ደግሞ ጣና በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ደርቆ እንደነበረና ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ዳግም እንደሞላ ደርሰውበታል። ይህ እውነት ከሆነ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች የተለያዩት በዝግመተ ለውጥ ሚዛን እጅግ አጭር በሆነ ጊዜ ነው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን አመጋገባቸው ነው። ነጭ ዓሣ የሚመደብበት የካርፕ ቤተሰብ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ የሚያኝከው በጉሮሮው ውስጥ ባሉ ጥርሶች ነው። ስለዚህ በቤተሰቡ ውስጥ ዓሣ በል የሆኑ ዝርያዎች ጥቂት ናቸው። በጣና ግን ከ15ቱ መካከል ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ላቢዮባርበስ ትሩቲፎርሚስ ይባላል። ስሙ የላቲን ሲሆን ትርጓሜው «ትራውት መሰል» ማለት ነው። ቀጠን ብሎ እንደ ጦር የተሳለ አካሉን ያየ ሰው ስያሜው ትክክል መሆኑን አይክድም። ምንም ዝምድና የሌላቸው ሁለት ዓሦች በአንድ ዓይነት ኑሮ ምክንያት አንድ ዓይነት መልክ ይዘዋል።

ከጉና እስከ ሐይቁ

ጉማራም ርብም የሚነሡት ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ አካባቢ ነው። በዳገቱ ላይ በጠጠርና በቋጥኝ መካከል እየተወረወሩ ወርደው ፎገራ ሜዳ ሲደርሱ ግን ድንገት ይዝላሉ። ሜዳው 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተዘረጋ ጠፍጣፋ ምድር ነው። ውኃው ፍጥነቱን ሲያጣ የተሸከመውን አፈር ያራግፋል፤ ክረምት በገፋ ቁጥርም ከቦዩ ወጥቶ ማሳውን ይውጣል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ የጉማራን ድልድይ አልፎ ወረታን፣ ቀጥሎም ርብን ሲሻገር በነሐሴ የሚያየው ቀይ ውኃ ይኸው ነው።

ይህ ቀይ ውኃ ለሰው የሚያስፈራ ቢሆንም ለነጭ ዓሣ የጥሪ ደወል ነው። ከዝርያዎቹ ሰባቱ በክረምት ወደ ወንዞች ወጥተው እንደሚራቡ ተረጋግጧል። ከሐምሌ ጀምሮ በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ፤ በነሐሴና በመስከረም ጉዞው ይበረታል፤ በጥቅምት ያበቃል። ሁሉም በአንድ ቀን አይወጡም፤ ዝርያዎቹ በጊዜ ተፈራርቀው ይሄዳሉ። የሚራቡትም በደፈረሰው በዋናው ወንዝ ሳይሆን ፈጠን ብለው በሚወርዱ፣ ወለላቸው ጠጠር በሆነ የላይኛው ገባሮች ውስጥ ነው።

ለምን እዚያ? እንቁላል ስንጥብ የለውም። ኦክስጅን የሚያገኘው በዙሪያው ካለው ውኃ በቀጭን ሽፋኑ አልፎ በሚገባ ስርጭት ብቻ ነው። ኦክስጅን ደግሞ በውኃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው በ10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ነው። ስለዚህ እንቁላሉን የከበበው ውኃ ቆሞ ከቀረ ኦክስጅኑ በአጭር ጊዜ ያልቃል። በጠጠር መካከል ያለው ክፍተት ግን ውኃውን ያለማቋረጥ ያሳልፋል፤ አሮጌው ሄዶ አዲስ ይተካል። ክፍተቱን ደለል ከደፈነው እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል።

ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። በባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ንጹሕ ውኃ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል፤ በ15 ዲግሪ ግን 10.1 ሚሊግራም ይይዛል። በጣና ከፍታ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ አራት አምስተኛ ገደማ በመሆኑ 25 ዲግሪ የደረሰ የዳርቻ ውኃ ሊይዝ የሚችለው 6.6 ሚሊግራም ብቻ ነው። አሁን ለምሳሌ 2,200 ሜትር ላይ ያለ 15 ዲግሪ የሚሆን ጅረት እንውሰድ። በዚያ ከፍታ ግፊቱ ወደ 76 በመቶ ዝቅ ይላል፤ ቢሆንም ጅረቱ 7.7 ሚሊግራም ያህል ይይዛል። አየሩ ሳስቷል፤ ቅዝቃዜው ግን ከሳሳው አየር ያጣነውን አትርፎ መልሶልናል። በድንጋይ ላይ እየተሰባበረ የሚወርድ ውኃ ደግሞ ከአየር ጋር ስለሚደባለቅ ሊይዝ ከሚችለው መጠን እምብዛም አይርቅም። (የኬሚስትሪ ተማሪዎች የሄንሪን ሕግ አስታውሰው ስሌቱን ለጉና አናት ቢሠሩት መልካም ልምምድ ይሆናቸዋል።)

በበጋ እነዚህ ገባሮች ይሳሳሉ፤ ዓሣ የሚያሳልፍ ጥልቀት አይኖራቸውም። በክረምት ግን በሁለት ዝናብ መካከል ቶሎ ይጠራሉ፤ መንገዱም ክፍት ነው። የተፈለፈሉት ጫጩቶች ከወራጁ ጋር ቀስ በቀስ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ።

አምባዛና የሩዙ ማሳ

አምባዛ ሌላ ስሌት አለው። ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው ኦክስጅን ባነሰበት ረግረግ አይቸገርም። ስለዚህ ሽቅብ ወደ ጠጠሩ ከመድከም ይልቅ ጎርፉ የዋጠውን ሣር ይመርጣል። በጉማራና በርብ መካከል የሚገኙት ሸሸርና ወላላ የተባሉት ረግረጎች ዋነኛ የመራቢያ ስፍራዎቹ ናቸው። ጎርፉ ሲሸሽ ግን ረግረጎቹ ወደ ሩዝና ወደ በጋ እርሻ እየተለወጡ በመሄዳቸው የአምባዛው ግልገል ወደ ሐይቁ ሳይመለስ በየኩሬው ይቀራል። የፎገራ ሩዝ ለወረዳው ያመጣውን ብልጽግና የሚያውቅ ሰው ገበሬውን አይወቅስም፤ ከረግረጉ እስከ ሐይቁ የሚያደርስ አንድ ቦይ ሳይታረስ ማቆየት ግን ሩዙን አይጎዳውም።

መረብ በወንዙ አፍ

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ ለአጥማጅ አንድ የሚያማልል ነገር ያስከትላል። በበጋ በ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ተበትኖ የሚኖር ዓሣ በነሐሴ በጥቂት ሜትር ስፋት ባለው የወንዝ አፍ ውስጥ ተጨናንቆ ያልፋል። አንድ መረብ በሌላ ወቅት በሳምንት የማያገኘውን በአንድ ሌሊት ይይዛል። ይህ ለአጥማጁ ጥበብ ይመስላል፤ የተያዘው ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም እንቁላል የያዘ ወላጅ ነው።

ጉዳቱ በሁሉም ዓሣ ላይ እኩል አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የቀረሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፤ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይም ትራባለች፤ ስለዚህ ቶሎ ታገግማለች። ነጭ ዓሣ ግን ዘግይቶ የሚያድግ፣ ለመራባት ብቁ ለመሆን ዓመታት የሚፈጅበት፣ ከዚያም በዓመት አንድ ወቅት ብቻ የሚራባ ነው። ወላጁ በጉዞ ላይ ከተያዘ በዚያው ዓመት የሚተካው የለም።

የደንገል ታንኳ ብቻ በነበረበት ዘመን መረቡ ከወንዞቹ አፍ እምብዛም አይርቅም፤ መጠኑም ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በጣና ላይ ሥራ ሲጀምሩ ነገሩ ተለወጠ። የሞተር ጀልባዎቹ ዓመታዊ ምርት በ1987 ከነበረበት 39 ቶን በ1997 ወደ 360 ቶን አደገ። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ በ2004 ባወጡት ጥናት ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት የነጭ ዓሣ ክብደት በ75 በመቶ መቀነሱን፣ የግልገሎቹ ቁጥር ደግሞ በ90 በመቶ ማሽቆልቆሉን አሳይተዋል። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ይልቅ ያሳስባል። ትልልቆቹ ዓሦች ቢያንሱ ሐይቁ ውስጥ ተጠመዱ ሊባል ይችላል፤ ትንንሾቹ ግን ለመረብ ቀዳዳ አይደርሱም። እነርሱ የጠፉት ሳይወለዱ በመቅረታቸው ነው።

ጾምም በነገሩ ውስጥ እጁ አለበት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወውና፣ በጾም ወራት የዓሣ ገበያ እንደሚደራ ሁሉም ያውቃል። ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ሲሆን፣ ነጭ ዓሣ በወንዙ አፍ ከሚጨናነቅበት ሳምንታት ጋር ፍጹም ይገጥማል። ዐቢይ ጾም ግን በየካቲትና በመጋቢት ስለሚውል ከመራቢያው ወቅት ይርቃል። ገበያውን በፍልሰታ በቀረሶ፣ በዐቢይ ጾም በነጭ ዓሣ ማሟላት ለአጥማጁም ለዓሣውም የሚበጅ ይመስለናል።

ከመረቡ የከፋው ብርብራ ነው። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወደ ወንዝ ሲጨመር ሮቴኖን የተባለው ንጥረ ነገር በዓሣው ስንጥብ ገብቶ የሕዋሱን የኃይል ማመንጫ፣ ማይቶኮንድሪያን፣ ያውከዋል። ኦክስጅን በደሙ ውስጥ እያለ ዓሣው ሊጠቀምበት ስለማይችል ይታፈናል። አጥማጁ ትልልቆቹን ለቅሞ ይሄዳል፤ ጫጩቱ፣ የውኃ ነፍሳቱ፣ ዓሣው የሚመገበው ሁሉ አብሮ ያልቃል። በጠጠር ላይ ባለ ጠባብ ገባር ይህ ሲደረግ የአንድ ዓመት ትውልድ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠፋ ማለት ነው።

ስለ ሕጉ በአጭሩ፦ የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። ነገር ግን በነሐሴ ሌሊት በወንዙ አፍ የሚቆም ተቆጣጣሪ ካልኖረ አዋጁ ከወረቀት አያልፍም። ሌሎች መሰናክሎችም ተደርበዋል። አሸዋና ጠጠር ለግንባታ ከወንዙ ወለል ይዛቃል፤ በበጋ የመስኖ ሞተሮች የወንዙን ትራፊ ይስባሉ፤ በርብ ላይ የተሠራውና ከ70 ሜትር የሚበልጠው የመስኖ ግድብም ለዓሣ የማይዘለል ግንብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታየው እንቦጭም የፎገራን ዳርቻ ሸፍኗል።

ከኅዳር በኋላ

እንግዲህ የፎገራው የቀን መቁጠሪያ ይህን ይመስላል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወንዙና አፉ ይዘጋሉ፤ በኅዳር ይከፈታሉ። የትራውት አጥማጅ የበረዶውን መቅለጥ እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ የእኛው አጥማጅ የጉናን ውኃ መጥራት ይጠብቃል። ደግነቱ ይህ ጥበቃ አጥማጁን አይጎዳውም፤ ለመንጠቆ የሚሻለው ወቅት ራሱ ይኸው ነውና። ትራውት መሰሉና ሌሎቹ ዓሣ በል ዝርያዎች የሚያድኑት በአብዛኛው በዓይናቸው ነው፤ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ የተጣለ የሚያብረቀርቅ ብረት አይታያቸውም።

ውኃው መጥራቱን በግምት ሳይሆን በመለኪያ ማወቅ ይቻላል። ጣሊያናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጄሎ ሴኪ በ1865 የተጠቀመበት ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራል። 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ነጭ ክዳን ወይም ሳህን በክብደት ታስሮ፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ቋጠሮ ባለው ገመድ ወደ ውኃ ይለቀቃል። ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት የጥራቱ መለኪያ ነው። በነሐሴ ጉማራ ላይ ሳህኑ ገና እንደ ጠለቀ ይሰወራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ እየጠለቀም ይታያል። አንድ የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ በድልድዩ ሥር በየሳምንቱ ለክቶ ቢመዘግብ ጥሩ ውጤት ይዞ ይቀርባል።

ለነጭ ዓሣ ማንኪያ የሚመስል የሚያብረቀርቅ ብረት ወይም ትንሽ ዓሣ በመንጠቆው ላይ ማድረግ፣ ከወራጁ ዳር ዝግ ባለው ውኃ ውስጥ ማለፍ ይበጃል። ዓሣው ጉልበቱን ቆጥቦ የሚጠብቀው በፈጣኑና በዝግተኛው ውኃ ድንበር ላይ ነውና። ለአምባዛ የምሽቱ ሰዓት፣ ትልና የሥጋ ቁራጭ፣ መንጠቆውንም በእርሳስ ወደ ወለል ማውረድ ይሻላል። ቀረሶ በአብዛኛው አልጌ ስለሚመገብ መንጠቆ ቶሎ አይጎርስም፤ ትዕግሥት ያለው በሊጥ ይሞክረው። በእንቦጭና በሣር አጠገብ የሚያጠምድ ሰው ደግሞ ማለዳውን አይምረጥ። ዕፅዋት ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅን ሲጠቀሙ አድረው ንጋት ላይ መጠኑ ከሁሉ ያነሰ ይሆናል፤ ዓሣውም ከዚያ ይሸሻል። ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ከእንቦጩ ጠርዝ ውጭ መሞከር ይሻላል።

ሁለት ማሳሰቢያዎች ለአጥማጁ ጤና ያስፈልጋሉ። በጣና ዙሪያ ብልሃርዚያ ስላለ እግርን በዝግተኛ ውኃ ውስጥ ነክሮ መቆም አይገባም፤ ከዳር ወይም ከታንኳ ማጥመድ ይቻላል። ከክረምቱ በኋላ ያሉት ወራት በፎገራ የወባ ወራት በመሆናቸውም ምሽት ላይ የሚያጠምድ ሰው ሰውነቱን ይሸፍን።

ዘግይቶ የቀረ ወላጅ በኅዳር መጀመሪያም መንጠቆ ላይ ሊመጣ ይችላል። ሆዱ ያበጠ ከሆነ፣ በቀስታ ሲነካም እንቁላል ወይም እንደ ወተት ያለ ፈሳሽ ከወጣው፣ ለመራባት የተዘጋጀ ነው። እንዲህ ያለው ዓሣ ቢለቀቅ ይመረጣል። ለመልቀቅ በመጀመሪያ እጅን በውኃ ማራስ ያስፈልጋል፤ ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚከላከልለትን ልጋግ ያነሣበታል። ከዚያም መንጠቆውን ከውኃው ሳያወጡ ማላቀቅ፣ ፊቱንም ወደ ወራጁ አዙሮ በሁለት እጅ መደገፍ ነው። ውኃው በስንጥቡ መካከል እያለፈ ኦክስጅን ሲሰጠው ጅራቱ መወዝወዝ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ እጅን መፍታት ብቻ ይበቃል።